ውጭ አገር እንግሊዝኛ ለማስተማር ሰርተፍኬት የግድ ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ የሚጠይቁት እንግሊዝኛ መምህር ሆኖ ከአገር ስለ መውጣት ነው። ከአዲስ አበባና ከክልል ከተሞች፣ ከአሜሪካ፣ ከዱባይና ከቻይና ተጽፎልናል። የዚህን እትም አምድ በሙሉ ለዚሁ ጉዳይ ሰጥተነዋል። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናል፤ የጠያቂዎቹን ስም አላወጣንም።

ጥያቄ፦ በእንግሊዝኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ዲግሪ አለኝ፤ ፒጂዲቲም (የድኅረ ምረቃ የመምህርነት ዲፕሎማ) ወስጃለሁ። በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አምስት ዓመት አስተምሬአለሁ። አንድ ቢሮ «የ120 ሰዓት የኦንላይን ቴፍል (እንግሊዝኛን እንደ ውጭ ቋንቋ የማስተማር) ሰርተፍኬት ያዝ፤ ኮሪያ ወይም ቻይና እናስገባሃለን» ብሎ ለሰርተፍኬቱም ለፕሮሰሱም ገንዘብ ጠይቆኛል። ሰርተፍኬቱ የግድ ያስፈልገኛል? (ከአዳማ)

መልስ፦ ለኮሪያ ብለው ከሆነ አንድ ብር እንዳያወጡ። ደቡብ ኮሪያ ለቋንቋ መምህራን የምትሰጠው ቪዛ ኢ-2 ይባላል። ለእንግሊዝኛ ሲሆን በመሠረቱ የሚሰጠው ለአሜሪካ፣ ለእንግሊዝ፣ ለካናዳ፣ ለአየርላንድ፣ ለአውስትራሊያ፣ ለኒውዚላንድና ለደቡብ አፍሪካ ዜጎች ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ምንም ያህል ሰርተፍኬት ቢደረድር ይህ መስፈርት አይለወጥለትም። ቻይናም ለእንግሊዝኛ መምህርነት የሥራ ፈቃድ ስትሰጥ የእነዚህኑ ሰባት አገሮች ዜግነት ነው በቅድሚያ የምትመለከተው። ይህን ሳይነግርዎት ሰርተፍኬት የሚሸጥልዎት ቢሮ ወይ ሕጉን አያውቀውም ወይ እያወቀ ደብቆዎታል። በሁለቱም ቢሆን ገንዘብ የሚሰጡት ሰው አይደለም።

ጥያቄው ብዙ ጊዜ ተገልብጦ ነው የሚመጣው። ሰው መጀመሪያ ሰርተፍኬት ይገዛና ከዚያ የሚቀበለው አገር ያፈላልጋል። ቪዛ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ግን ቀድሞ የሚያየው ፓስፖርቱን ነው፤ ቀጥሎ ዲግሪውን። የሰርተፍኬቱ ነገር የሚነሳው እነዚህ ሁለቱ ካለፉ በኋላ ነው። ስለዚህ አገር ሳይመርጡ ሰርተፍኬት አይምረጡ።

በኢትዮጵያ ፓስፖርትና በእርስዎ ዓይነት ዲግሪ መንገዱ ክፍት ከሆነባቸው አገሮች አንዷ ቬትናም ናት። እዚያ በቋንቋ ማዕከል ለማስተማር እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋው ያልሆነ የውጭ ዜጋ ሦስት ነገር ይጠየቃል፦ የመጀመሪያ ዲግሪ፣ በአውሮፓ የቋንቋ ደረጃ ሲ1 የሆነ የቋንቋ ብቃት ማስረጃ፣ እና የቋንቋ ማስተማር ሰርተፍኬት። ሰርተፍኬቱ እዚህ ላይ የሕግ መስፈርት ነው፤ ያለ እሱ የሥራ ፈቃድ የለም። ሲ1 ማለት በአይልትስ ከ7 ጀምሮ ያለው ውጤት ነው። ብዙ መምህሮቻችን የሚቸገሩት በሰርተፍኬቱ ሳይሆን በዚህ ውጤት ነው፤ በተለይ በጽሑፉ ክፍል። ስለዚህ ለሰርተፍኬት ከመክፈልዎ በፊት አይልትስ ይፈተኑ። ውጤቱ 6 ከሆነ ገንዘብዎ መዋል ያለበት ቋንቋውን በማሻሻል ላይ ነው።

ታይላንድም ከአፍሪካና ከፊሊፒንስ የሄዱ ብዙ መምህራን አሏት። የሚፈለገው የመጀመሪያ ዲግሪ፣ የቋንቋ ፈተና ውጤት (በብዛት የሚጠየቀው ቶይክ 600 ነው)፣ ከመነሻ አገር የተወሰደ ቢ የሚባለው የሥራ ቪዛ፣ ከዚያም የሥራ ፈቃድ ነው። ትምህርት ቤቱ ደግሞ ከአገሪቱ የመምህራን ምክር ቤት ጊዜያዊ የማስተማር ፈቃድ ያወጣልዎታል። የቴፍል ሰርተፍኬት እዚያ የሚረዳው ለመቀጠር ነው፤ ቪዛው በእሱ ላይ የቆመ አይደለም። አንድ ነገር ግን አስቀድመው ይወቁ፦ ለአንድ ዓይነት ሥራ ለአሜሪካዊና ለአፍሪካዊ የሚከፈለው ደመወዝ ብዙ ጊዜ እኩል አይደለም። ይህ ትክክል ነው ብለን አናምንም፤ ነገር ግን ውል ላይ ሲደርሱ ከሚደነግጡ ከአሁኑ ቢያውቁት ይሻላል።

ፒጂዲቲዎን ደግሞ አያሳንሱት። የመምህርነት ሥልጠና ነው፤ ክፍል ገብተው ያስተማሩበት የተግባር ልምምድም አለበት። ችግሩ ውጭ ያለ ቀጣሪ አህጽሮቱን አያውቀውም። በሲቪዎ ላይ «የድኅረ ምረቃ የመምህርነት ዲፕሎማ» ብለው ሙሉ ስሙን በእንግሊዝኛ ይጻፉ፤ የልምምዱን ጊዜና ያስተማሩበትን የክፍል ደረጃ ይጨምሩ፤ የኮርሶቹ ዝርዝር ያለበትን ትራንስክሪፕት አያይዙ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛን እንደ ውጭ ቋንቋ በማስተማር ማስተርስ የሠሩ አንባቢዎቻችንም ጽፈውልናል። ለእነሱ የ120 ሰዓት ሰርተፍኬት በአብዛኛው ትርፍ ወጪ ነው። ቀጣሪው ራሱ «ግዴታ ነው» ብሎ በጽሑፍ ካልጠየቀ አይግዙት።

አሁኑኑ ሊጀምሩት የሚገባው ሥራ የሰነድ ሥራ ነው። ጊዜ የሚበላውም እሱ ነው። ቴምፖ (ጊዜያዊ ዲግሪ) ይዞ ኤምባሲ መሄድ ዋጋ የለውም፤ የሚፈለገው ዋናው ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱ ነው። ዩኒቨርሲቲው እነዚህን የሚሰጠው የወጪ መጋራት ዕዳዎ ወይም የአገልግሎት ግዴታዎ ሲዘጋ ነው። ከዚያ ዲግሪው በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ይረጋገጣል፣ ወደ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይሄዳል፣ በመጨረሻ የሚሄዱበት አገር ኤምባሲ ያጸድቀዋል። አዲስ አበባ ኤምባሲ የሌለው አገር ከሆነ ለኢትዮጵያ ጉዳይ የሚሠራው ኤምባሲ ጎረቤት አገር ሊሆን ስለሚችል የመላኪያውን ጊዜ ያስቡበት። ከፌዴራል ፖሊስ አሻራ ሰጥተው የሚያወጡት ከወንጀል ነፃ ማስረጃም በዚሁ መንገድ ነው የሚያልፈው። ነገር ግን የሚያገለግለው ለጥቂት ወራት ብቻ ስለሆነ መጨረሻ ላይ ያውጡት።

በዚህ ሂደት ፋይል የሚያስቆመው ብዙ ጊዜ የስም አጻጻፍ ነው። ዲግሪው ላይ የአባት ስም በአንድ ዓይነት የላቲን ፊደል ተጽፎ ፓስፖርቱ ላይ በሌላ ይመጣል፤ አንዱ ላይ የአያት ስም ይኖርና ሌላው ላይ አይኖርም። የሁለቱን አጻጻፍ ዛሬውኑ ጎን ለጎን አድርገው ፊደል በፊደል ያስተያዩ። ልዩነት ካለ ዩኒቨርሲቲው የማረጋገጫ ደብዳቤ እንዲጽፍልዎ ይጠይቁ፤ ኤምባሲው ከመለሰው በኋላ መሯሯጥ ወራት ይፈጃል።

ጥያቄ፦ ልጄ የአሜሪካ ዜጋ ናት። በ14 ዓመቷ መጥታ ዘጠነኛ ክፍል ገባች፤ ዘንድሮ በባዮሎጂ ተመርቃለች። ኮሪያ ሄጄ አንድ ሁለት ዓመት ላስተምር ትላለች። የመምህርነት ሰርተፍኬት ስለሌላት ሰግቻለሁ። (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ሰርተፍኬቱ በአንድ ወር ውስጥ የሚያልቅ ነገር ነው፤ ትልቁ ጥያቄ የመጣችበት ዕድሜ ነው። በኮሪያ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች መምህራንን የሚመድበው ኤፒክ የተባለው ፕሮግራም፣ ወደ እንግሊዝኛ ተናጋሪ አገር በስደት የገባ አመልካች ቢያንስ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ እስከ ዩኒቨርሲቲ እዚያው እንዲማርና 10 ዓመት እንዲኖር ይጠይቃል። ልጅዎ በዘጠነኛ ክፍል ስለገባች ይህን አታሟላም። ከማመልከቷ በፊት ይህን ለፕሮግራሙ በኢሜይል ጠይቃ መልሱን በጽሑፍ ትያዝ። መስፈርቱን ለሚያሟሉ ሌሎች አንባቢዎች፦ ትምህርት ወይም እንግሊዝኛ ላላጠና አመልካች ኤፒክ ቢያንስ የ100 ሰዓት የቴፍል ሰርተፍኬት ይፈልጋል። ማመልከቻው ለበልጉ ተርም በኦገስት፣ ለመጸዉ ተርም በፌብሩዋሪ ይከፈታል።

ሁለተኛው መንገድ ሃግዎን የሚባሉት የግል አካዳሚዎች ናቸው። እነዚህ በራሳቸው መስፈርት ይቀጥራሉ። ዜግነትና በማንኛውም ሙያ የተገኘ የመጀመሪያ ዲግሪ ካለ ሰርተፍኬት ብዙ ጊዜ አይጠይቁም። ሆኖም የኮሪያ ኢሚግሬሽን ውጭ ለተወለደ አመልካች የሃይስኩል ትራንስክሪፕት ሊጠይቅ ስለሚችል ከትምህርት ቤቷ ታሽጎ እንዲሰጣት ከወዲሁ ትጠይቅ።

ሦስተኛውና ለእሷ የተሻለ የሚመስለን የጃፓኑ ጄት ፕሮግራም ነው። ከ1987 ጀምሮ ያለ የመንግሥት ፕሮግራም ነው። ከአሜሪካ ለሚያመለክት ሰው የሚጠይቀው የአሜሪካ ዜግነትና በማንኛውም የትምህርት ዘርፍ የመጀመሪያ ዲግሪ ነው። የማስተማር ሰርተፍኬት ግዴታ አይደለም፤ ካለ ግን በምርጫ ያግዛል። ማመልከቻው በመጸው፣ ማለትም በእነሱ አቆጣጠር በፎል ይወጣል፤ የተመረጡት በቀጣዩ ዓመት በጁላይ መጨረሻና በኦገስት ይጓዛሉ።

ኮሪያን ከመረጠች በሰነድ ማረጋገጥ ላይ ብዙ አሜሪካውያን የሚሳሳቱት ስሕተት አለ። የኤፍቢአይ ከወንጀል ነፃ ማስረጃ የፌዴራል ሰነድ ስለሆነ አፖስቲል (ሰነዱ በሌላ አገር ተቀባይነት እንዲያገኝ የሚደረግ ማረጋገጫ) የሚደረገው በአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ብቻ ነው። የዲግሪው ቅጂ ደግሞ በኖታሪ ተረጋግጦ የሚሄደው ለግዛቱ ነው፤ ሜሪላንድ ከሆነ አናፖሊስ ወዳለው ጽሕፈት ቤት። ሁለቱን በአንድ ፖስታ አድርጎ ለግዛቱ የላከ ሰው የኤፍቢአዩ ወረቀት ሳምንታት ቆይቶ እንዳለ ይመለስለታል።

ጥያቄ፦ ቴፍል፣ ቴሶል፣ ሴልታ ይሉናል። ልዩነታቸው ምንድን ነው? በ20 ዶላር የሚሸጠውስ ይሠራል? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ቴፍልና ቴሶል የሥራው መጠሪያዎች ናቸው፤ ባለቤት የላቸውም። ማንም ሰው ድረ ገጽ ከፍቶ «የቴፍል ሰርተፍኬት» ሊሸጥ ይችላል። ሴልታ ግን የአንድ የታወቀ ተቋም፣ የካምብሪጅ፣ ሰርተፍኬት ነው። ከእሱ እኩል የሚታየው የትሪኒቲ ኮሌጅ ለንደን ሰርት ቴሶል ነው። ሴልታ ቢያንስ 120፣ ትሪኒቲ ቢያንስ 130 የሥልጠና ሰዓት አላቸው። ሁለቱም ከ4 እስከ 5 ሳምንት ሙሉ ቀን የሚወስዱ ሲሆኑ በትርፍ ሰዓት ወራት ይፈጃሉ። ሁለቱም በእንግሊዙ የብቃት ተቆጣጣሪ ኦፍኳል መዝገብ ላይ ደረጃ 5 ናቸው። ከሁሉ በላይ ሁለቱም ላይ አሠልጣኝ ከኋላ ተቀምጦ እያየ እውነተኛ ተማሪዎችን 6 ሰዓት ማስተማር ግዴታ ነው።

ቀጣሪ የሚፈልገው ይህችን 6 ሰዓት ነው። አሁን «ደረጃ 5 ቴፍል» ተብለው የሚሸጡ የኦንላይን ኮርሶች አሉ፤ አንዳንዶቹ በእርግጥም መዝገቡ ላይ ያሉ ናቸው። ደረጃው ግን የሚናገረው ስለ ትምህርቱ ጥልቀት ነው። አንድም ተማሪ ፊት ሳይቆሙ ያለቀ ኮርስ ደረጃው ምንም ቢሆን ብሪቲሽ ካውንስልን የመሰለ ቀጣሪ ጋ ሴልታን አይተካም።

የ20 ዶላሩ ነገር። ሕጋቸው ሰርተፍኬት በማይጠይቅባቸው አገሮች ቀጣሪውን ለማስደሰት ያህል ሊሠራ ይችላል። ሕጉ ሰርተፍኬቱን በሚጠይቅበት አገር ግን ወረቀቱ ራሱ ሕጋዊ ማረጋገጫ ይፈልጋል። ያኔ ጥያቄው «ይህ ወረቀት የየት አገር ነው?» የሚል ይሆናል። የእንግሊዝ ተቋም የሰጠው ከሆነ በእንግሊዝ ጠበቃ ወይም ኖታሪ ተረጋግጦ በዚያው አገር ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ያልፋል፤ አዲስ አበባ ላይ አይጸድቅም። አድራሻው የማይታወቅ ድረ ገጽ የሰጠውን ወረቀት የሚያረጋግጥ አካል የለም። ስለዚህ ከመክፈልዎ በፊት ሻጩን አንድ ነገር ይጠይቁ፦ «ሰርተፍኬቱ በየትኛው አገር ነው ሕጋዊ የሚደረገው? እናንተ ታስጨርሳላችሁ? በስንት?» ግልጽ መልስ ከሌለው ይተዉት።

ጥያቄ፦ ዘጠኝ ዓመት ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ክፍሌ ውስጥ ከ60 ተማሪ በታች ኖሮኝ አያውቅም። ሴልታ ምን ይጨምርልኛል? ዋጋውም ከ1,500 ዶላር በላይ ነው አሉ። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ዋጋው እንደ ማዕከሉ ይለያያል፤ የጠቀሱት ከዝቅተኛዎቹ ነው፣ 2,500 ዶላርና ከዚያም በላይ የሚያስከፍሉ አሉ። ይህን ያህል ገንዘብ ሊያወጡ የሚገባው የሚያመለክቱበት ቀጣሪ ሴልታ ወይም ትሪኒቲ ሲል ብቻ ነው። የባሕረ ሰላጤው አገሮች ዩኒቨርሲቲዎች፣ ብሪቲሽ ካውንስል፣ ትልልቅ የቋንቋ ማዕከላት እንዲህ ይላሉ። በተረፈ ተበድሮ ሴልታ መውሰድን አንመክርም።

ምን እንደሚጨምር ግን በዝርዝር ብንነግርዎ ይሻላል፤ ልምድ ያላቸው መምህራን ናቸው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ላይ የሚደናገጡት። የ45 ደቂቃ ክፍል አለዎት እንበል። ርዕሱ «ዩዝድ ቱ» ነው። እኛ የለመድነው ደንቡን ሰሌዳ ላይ መጻፍ፣ በአማርኛ መተርጎም፣ አሥር መልመጃ መስጠት ነው። ሴልታ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጽፋሉ፦ «አይ ዩዝድ ቱ ሊቭ ኢን ጎንደር»። ከዚያ በእንግሊዝኛ ሦስት አጫጭር ጥያቄ ይጠይቃሉ። አሁን የምኖረው ጎንደር ነው? አይደለም። ድሮስ? አዎ። ለአንድ ቀን ነው ወይስ ለረጅም ጊዜ? ለረጅም ጊዜ። ተማሪው እነዚህን ከመለሰ ገብቶታል። «ገባችሁ?» ብሎ ጠይቆ «አዎ» የሚል መልስ መቀበል እንደ ማረጋገጫ አይቆጠርም፤ አሠልጣኙ ቅጹ ላይ ይጽፍብዎታል። ቀጥሎ ቅርጹ፦ ከ«ቱ» በኋላ ግሡ ሳይለወጥ እንደሚመጣ፣ በአሉታ ሲሆን «ዲድንት ዩዝ ቱ» ተብሎ የመጨረሻው የ«ዲ» ፊደል እንደሚቀር። ቀጥሎ አነባበቡ፦ በንግግር ላይ «ዩዝድ ቱ» ሳይሆን «ዩስቱ» ነው የሚሰማው። ይህ ሁሉ ከ15 ደቂቃ ማለፍ የለበትም። ቀሪው የተማሪዎቹ ነው፤ ሁለት ሁለት ሆነው ስለ ልጅነታቸው ያወራሉ፣ እርስዎ ዝም ብለው እየዞሩ ስሕተት ይመዘግባሉ። መጨረሻ ላይ አራት አምስቱን ማን እንደተናገራቸው ሳይጠቅሱ ሰሌዳ ላይ ያርማሉ።

የሚወድቁት ወይም የሚንገዳገዱት ብዙዎቹ በሦስት ነገር ነው። አንደኛው ንግግር ማብዛት ነው። ሁለተኛው መልመጃውን አድሎ ከዚያ ትዕዛዝ መስጠት ነው፤ ወረቀት እጁ የገባ ተማሪ ያነባል እንጂ አይሰማም፣ ስለዚህ ትዕዛዙ ይቅደም። ሦስተኛው አራቱን የጽሑፍ ሥራዎች ማዘግየት ነው። እያንዳንዱ ከ750 እስከ 1,000 ቃል ነው፤ የወደቀ ጽሑፍ አንድ ጊዜ ታርሞ ይመለሳል፣ ሁለተኛ ዕድል ግን የለም። ዘጠኝ ዓመት ያካበቱት ክፍል የመምራት ችሎታ እዚህ ትልቅ ሀብት ነው፤ ጀማሪ ሠልጣኝ ተማሪ ፊት ሲንቀጠቀጥ እርስዎ አይንቀጠቀጡም። ከበድ የሚለው ያንን የመምህር ድምፅ ቀንሶ ለተማሪው ቦታ መስጠቱ ነው።

ከ2020 ጀምሮ ሴልታ ሙሉ በሙሉ በኦንላይን ይሰጣል። የማስተማር ልምምዱም በቪዲዮ ነው፤ ሰርተፍኬቱ ላይ ልዩነቱ አይጻፍም። አዲስ አበባ ሆኖ ለሚወስድ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን መብራት ወይም ኢንተርኔት በሚመዘኑበት ሰዓት ከጠፋ ክፍሉ ይበላሻል። ሁለት የተለያዩ መስመሮች፣ አንድ ዋይፋይ አንድ የሞባይል ዳታ፣ እና ባትሪው ቢያንስ ሁለት ሰዓት የሚቆይ ላፕቶፕ ያዘጋጁ። ለመግባት የቅድሚያ የጽሑፍ ሥራና ቃለ መጠይቅ አለ፤ ቋንቋዎ ሲ1 ወይም ሲ2 መሆን አለበት። አበሻ ስለሆነ የተከለከለ ሰው የለም።

ጥያቄ፦ ቻይና በስኮላርሺፕ ማስተርስ እየተማርኩ ነው። አንድ መዋዕለ ሕፃናት ቅዳሜና እሁድ እንግሊዝኛ አስተምር ይለኛል፤ «የቴፍል ሰርተፍኬት ብቻ አምጣ፣ ቪዛው ችግር የለውም» ብለውኛል። (ከውሃን)

መልስ፦ ቪዛው ነው ችግሩ። የተማሪ የመኖሪያ ፈቃድ የሥራ ፈቃድ አይደለም፤ ሰርተፍኬትም ይህን አይለውጠውም። በቻይና የመውጫና መግቢያ ሕግ ያለ ፈቃድ የሠራ የውጭ ዜጋ ከ5,000 እስከ 20,000 ዩዋን ይቀጣል፤ ጉዳዩ ከከበደ ከ5 እስከ 15 ቀን ይታሰራል፣ ከአገር መባረርም አለ። ፖሊስ ሲመጣ ትምህርት ቤቱ «አናውቀውም፣ እንግዳ ነው» ይላል። ስኮላርሺፕዎ የሚጠፋው ያኔ ነው። በዚያ ላይ ከጁላይ 2021 ወዲህ መንግሥት በትርፍ ሰዓት ማስጠኛዎች ላይ ቁጥጥሩን በጣም ስላጠበቀ ፍተሻው በዝቷል።

ተማሪ ሆኖ በሕግ መሥራት የሚቻለው ዩኒቨርሲቲው ሲፈቅድና ፖሊስ የመኖሪያ ፈቃዱ ላይ ሲመዘግበው ነው። የውጭ ተማሪዎች ጽሕፈት ቤትን በግልጽ ይጠይቁ። ማስተርሱን ሲጨርሱ በተማሩበት ሙያ ለሥራ ፈቃድ ማመልከት የሚችሉበት መንገድ አለ፤ ለቅዳሜና እሁድ ገንዘብ ብለው እሱን አይዝጉት።

ጥያቄ፦ ዱባይ በሆቴል እሠራለሁ፤ በእንግሊዝኛ ዲግሪ አለኝ፣ ዋናው ዲግሪ አዲስ አበባ እናቴ ጋ ነው። ወደ ማስተማር መግባት እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር? (ከዱባይ)

መልስ፦ ከእናትዎ። ዲግሪው አዲስ አበባ ላይ ተረጋግጦ፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አልፎ፣ እዚያው ባለው የኢሚሬትስ ኤምባሲ መጽደቅ አለበት። ከዚያ ዱባይ ሲደርስ የኢሚሬትስ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የመጨረሻውን ማኅተም ያደርጋል። ዱባይ ባለው የኢትዮጵያ ቆንስላ ጄኔራል ለእናትዎ ወይም ለታማኝ ሰው ውክልና ይስጡ፤ ውክልናው ላይ «የትምህርት ማስረጃ ለማረጋገጥ» የሚል ቃል በግልጽ ይግባ፤ አለበለዚያ መስኮት ላይ ይመልሷቸዋል።

ከዚያ ሥራው ሁለት ዓይነት መሆኑን ይለዩ። በመደበኛ ትምህርት ቤት የክፍል መምህር ለመሆን የሚጠየቀው የመምህርነት ፈቃድና የትምህርት ዲግሪ ነው፤ ሴልታ ብቻውን እዚያ አያስገባም። የቋንቋ ማዕከል ደግሞ ለአዋቂዎች የሚያስተምር ስለሆነ ሴልታን ነው የሚመለከተው። የረዳት መምህርነት ቦታዎች በዲግሪ ብቻ ይገኛሉ። ለእርስዎ የመጀመሪያው እርምጃ እሱ ይመስለናል፤ ገቢ እያገኙ፣ ክፍል እያዩ ሴልታውን በትርፍ ሰዓት መውሰድ ይችላሉ። በአሁኑ ቀጣሪዎ ቪዛ ላይ ሆነው ለሌላ ሰው ማስተማር ግን ሕገ ወጥ ነው፤ የግል ማስጠናትም ቢሆን ፈቃድ ይፈልጋል።

ጥያቄ፦ በቴሌግራም «ታይላንድ የእንግሊዝኛ መምህር፣ ዲግሪም ሰርተፍኬትም አያስፈልግም፣ ትኬት በኛ» የሚል ሥራ አግኝቻለሁ። በቱሪስት ቪዛ ግቢ፣ እዚያ እንቀይርልሻለን ይሉኛል። (ከሐዋሳ)

መልስ፦ አይሂዱ። ከላይ እንደጻፍነው ታይላንድ ዲግሪ ትጠይቃለች፤ «ምንም አያስፈልግም» ያለዎት ሰው የመምህርነት ሥራ የለውም። ከባንኮክ በመኪና ወደ ምያንማር ድንበር ተወስደው ማያዋዲ አካባቢ ባሉ የኦንላይን ማጭበርበሪያ ግቢዎች ተዘግተው በግድ እንዲሠሩ የተደረጉ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው። በ2025 መጀመሪያ ከእነዚህ ግቢዎች ከወጡት መካከል የኛ ልጆች በመቶዎች ይቆጠሩ ነበር። ብዙዎቹ የተማሩ፣ እንግሊዝኛ የሚችሉ ነበሩ፤ የተፈለጉትም በቋንቋቸው ነው።

ማንኛውም ቅጥር ሲመጣልዎ የትምህርት ቤቱን ሙሉ ስም ይጠይቁ። ስልኩን ከመልማዩ ሳይሆን ራስዎ ፈልገው ይደውሉ። ከመነሳትዎ በፊት የሥራ ቪዛው ወጥቶ እጅዎ ላይ መኖር አለበት። ኤጀንሲ ካለበት በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ፈቃድ የተሰጠው መሆኑን ሚኒስቴሩን ራሱን ይጠይቁ። ይህን ደብዳቤ ሲጽፉልን ፓስፖርትዎን ለሰዎቹ ሰጥተው ከሆነ ዛሬውኑ ያስመልሱ።

ጥያቄ፦ ሴልታ ከስምንት ዓመት በፊት ወስጄ አላስተማርኩበትም። ጊዜው አልፎበታል? (ከመቐለ)

መልስ፦ አላለፈበትም፤ ሴልታ የማብቂያ ቀን የለውም። ጊዜው የሚያልፈው አይልትስ ነው፤ የሚያገለግለው ሁለት ዓመት ነው። ነገር ግን ቀጣሪዎች ብዙ ጊዜ ከሰርተፍኬቱ በኋላ የተገኘ ሁለት ዓመት የማስተማር ልምድ ይጠይቃሉ። እሱን አሁኑኑ ባሉበት ከተማ በአንድ ትምህርት ቤት ወይም የቋንቋ ማዕከል መሙላት ይጀምሩ፤ የልምድ ደብዳቤው ላይም ያስተማሩትን ደረጃና የሳምንቱን ክፍለ ጊዜ ብዛት ያስጽፉ።